ፕሬድኒሶሎን፦ በራስ የማይጀመር፣ በድንገት የማይቆም መድኃኒት

ባለፈው ተርም ስድስተኛ ክፍል ከማስተምራቸው ልጆች አንዷ ከአምስት ሳምንት ሕመም በኋላ ወደ ትምህርት ተመለሰች። ፊቷ ክብ ሆኗል፣ ጉንጯ ሞልቷል። እኔም እንደ አገራችን ልማድ ደስ ብሎኝ በክፍሉ ፊት፣ «ወፈርሽሳ! ቤት ተመችቶሻል ማለት ነው» አልኳት። ልጆቹ ሳቁ፤ እሷ አንገቷን ደፋች። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ኳሷ» የሚል ቅጽል ስም ወጣላት።

ሳምንት ሳይሞላ እናቷ ትምህርት ቤት መጡ። «ቲቸር፣ ልጅቷ መድኃኒቷን አልውጥም ካለች ሁለት ቀኗ ነው። ፊቴን ያበላሸው እሱ ነው ትላለች። እርስዎን ትሰማለችና እባክዎ ይምከሩልኝ» አሉኝ። እኔ ስለ መድኃኒቱ የማውቀው ነገር ስላልነበረ ሦስታችንም አንድ ላይ ክሊኒክ ሄድን። ክሊኒካል ኦፊሰሩ ልጅቷን ከመረመረ በኋላ ተቆጣን፣ በተለይ እኔን። «አስተማሪ ሆነህ! ይህ መድኃኒት እንዲህ በአንድ ጊዜ ቢቆም ልጅቷ ክፍል ውስጥ ልትወድቅብህ ትችል ነበር» አለኝ። ያን ቀን ያስረዳን ነገርና በኋላ አንብቤ ያገኘሁት ለሌሎች መምህራንና ተማሪዎችም ይጠቅማል ብዬ ይህን ጻፍኩ። ልጅቷና እናቷም ስም ሳይጠቀስ እንዲወጣ ፈቅደዋል።

መድኃኒቱ ምን ይሠራል?

መድኃኒቱ ፕሬድኒሶሎን ይባላል። እዚህ ካኩማ ብዙዎቻችን ስሙን ባናውቀውም ኪኒኗን እናውቃታለን፤ አስም ያለበት ሰው ያለበት ቤት ሁሉ አይጠፋም። ሃይድሮኮርቲሶን፣ ዴክሳሜታሶንና ቤታሜታሶን የሚባሉት የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። በአንድ ላይ ስቴሮይድ ይባላሉ። ስፖርተኞች ጡንቻ ለማሳበጥ በድብቅ የሚወስዱት ግን ሌላ ዓይነት ስቴሮይድ ስለሆነ አንቀላቅለው።

እግራችንን እሾህ ሲወጋን ቦታው ይቀላል፣ ይግላል፣ ያብጣል፣ ያማል። ይህ መቆጣት፣ በመጽሐፍ አማርኛ ብግነት፣ ሰውነት ከውጭ የገባን ጠላት የሚዋጋበት መንገድ ነው። ነጭ የደም ሴሎች እንደ ወታደር ወደ ቦታው ይጎርፋሉ። ችግር የሚመጣው እነዚህ ወታደሮች ጠላት ሳይኖር ሲቆጡ፣ ወይም የገዛ አገራቸውን እንደ ባዕድ ቆጥረው ሲወጉ ነው። አስም ላይ የአየር ቧንቧው ይቆጣል። ሩማቶይድ በሚባለው ሕመም የእጅና የጉልበት መገጣጠሚያዎች፣ ሉፐስ ላይ ደግሞ ቆዳ፣ ኩላሊት፣ ሌላም ሌላም ይቆጣል።

ፕሬድኒሶሎን ለወታደሮቹ «ዝም በሉ» የሚል ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ግን ጥፋተኛው ክፍል ጋ ብቻ አይደርስም፣ ለሁሉም ነው የሚደርሰው። ኩላሊቱን የሚያጠቁት ዝም ሲሉ፣ የቲቢን ጀርም ሲጠብቅ የኖረው ዘበኛም አብሮ ይተኛል። የመድኃኒቱ ጥቅምም ጉዳትም የሚመጣው ከዚሁ ከአንድ ነገር ነው።

ፕሬድኒሶሎን ለሰውነት እንግዳ አይደለም። ከኩላሊቶቻችን በላይ አድሬናል የሚባሉ ሁለት ትንንሽ እጢዎች አሉ። እነሱ በየቀኑ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ይሠራሉ፤ ፕሬድኒሶሎን የዚህ ሆርሞን ሰው ሠራሽ ዘመድ ነው። የአንድ ጤነኛ አዋቂ እጢዎች በቀን የሚሠሩት በግምት ከ5 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን ጋር ይመጣጠናል፣ ማለትም ከአንዲት ትንሽ ኪኒን ጋር። የእኔ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን 12 ኪኒን ትውጥ ነበር። የሒሳብ መምህራን ልዩነቱን አስሉት።

ታሪኩም ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ፣ ሚኔሶታ ውስጥ፣ ማዮ ክሊኒክ የሚሠራው ሐኪም ፊሊፕ ሄንች ኮርቲሶንን በሩማቶይድ ለተያዘች አንዲት የ29 ዓመት ሴት ሰጣት። ከአልጋ መነሳት ያቃታት ሴት በጥቂት ቀን ውስጥ ተራመደች። በ1950 ሄንች ከኤድዋርድ ኬንዳልና ከታዴውሽ ራይክሽታይን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ብዙ ሰው ተአምር ነው አለ። ግን ብዙ ሳይቆይ፣ መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ሰዎች ፊታቸው ሲያብጥ፣ አጥንታቸው ሲሳሳ፣ ሲያቆሙት ደግሞ ሕመሙ ሲመለስባቸው ታየ። ሐኪሞች ዛሬ «በሚበቃው ትንሽ መጠን፣ ለሚበቃው አጭር ጊዜ» የሚሉት ከዚያ ተምረው ነው።

ለምን ይታዘዛል?

ከባድ የአስም ጥቃት ሲነሳ ለጥቂት ቀናት ይሰጣል፤ አቧራው በሚበዛበት ወቅት ይህን የማያውቅ ብሎክ የለም። ለሉፐስ፣ ለሩማቶይድ፣ ለከባድ አለርጂም ይታዘዛል። የሥጋ ደዌ ታካሚዎች ነርቭ በድንገት ሲቆጣባቸው፣ እጅና እግራቸው ሽባ ሳይሆን የሚድነው በዚሁ ኪኒን ነው። ቲቢ የአንጎልን ሽፋን ሲይዝ እንኳ ከቲቢ መድኃኒቶች ጋር ስቴሮይድ ይጨመራል። ከቲቢ መድኃኒቶች ጋር ነው ያልኩት፤ ለብቻው ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል።

የተማሪዬ ሕመም የኩላሊት ነበር። ኩላሊት ደምን ሲያጣራ ፕሮቲንን ማስቀረት አለበት። የእሷ ግን እንደ ተቀደደ ወንፊት ፕሮቲኑን ወደ ሽንት ያሳልፈዋል። ጠዋት ጠዋት የዓይኖቿ ዙሪያ ያብጣል፣ ማታ እግሯ፣ ሽንቷ አረፋ ይይዛል። እናቷ መጀመሪያ የወባ፣ ቀጥሎ የምግብ እጥረት መስሏቸው ነበር። ይህ ሕመም የያዛቸው ልጆች አብዛኞቹ በፕሬድኒሶሎን በሳምንታት ውስጥ ይሻላቸዋል። መድኃኒቱ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በየቀኑ ይሰጥና፣ ከዚያ አንድ ቀን እየተዘለለ መጠኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ብዙዎቹ ላይ ግን ሕመሙ አንዳንዴ ስለሚመለስ ጠዋት የልጁን ዓይን ማየት ልማድ ቢሆን ጥሩ ነው።

የኮቪድ ጊዜም ጥሩ ምሳሌ ነው። በሰኔ 2020 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ የተካሄደ ትልቅ ጥናት፣ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ካሉ ታካሚዎች ዴክሳሜታሶን የሞቱን ቁጥር በሲሶ ያህል እንደሚቀንስ አሳየ። ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ግን ጥቅም አላሳየም። አንዱን ሰው ያዳነ ኪኒን ለጎረቤቱ ምንም ላይጠቅም፣ እንዲያውም ሊጎዳው ይችላል ማለት ነው።

አደጋው የት ላይ ነው?

አንደኛው ኢንፌክሽን ነው። ፕሬድኒሶሎን በብዛት የሚወስድ ልጅ ሰውነቱ ውስጥ ጀርም ገብቶም ትኩሳት ላይኖረው፣ ሆዱ ውስጥ ከባድ ነገር እያለም ብዙ ላያመው ይችላል። እሳቱ ሳይጠፋ ጭሱ ይጠፋል። ስለዚህ «ትኩሳት የለውም እኮ» ብለን መዘናጋት የለብንም። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ ክብደት መቀነስ ወይም ሌሊት ማላብ ካለ ለቲቢ ይመርመር።

በባዶ እግር በመሄድ ከአፈር የሚገባ ስትሮንጂሎይድስ የሚባል ትል ደግሞ አለ። ሰው ሳያውቀው ለብዙ ዓመታት በአንጀት ውስጥ ይኖራል። የሰውነት መከላከያ በስቴሮይድ ሲደክም ግን ይራባና ወደ ሳንባና ወደ ሌላው ሰውነት ይሰራጫል፤ ያኔ ይገድላል። ከእኛ አካባቢ የመጣ ሰው መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ ከመጀመሩ በፊት ስለ ትል ክሊኒኩን ቢጠይቅ አያፍርበት።

ኩፍኝና እዚህ ሁላችንም ቺክን ፖክስ የምንለውም እነዚህ ልጆች ላይ ይከብዳሉ። ክፍላችሁ ውስጥ አንድ ልጅ ኩፍኝ ከያዘው፣ ስቴሮይድ ለሚወስደው ልጅ ቤተሰብ በዚያው ቀን ንገሩ፤ ሳይታመምም ክሊኒክ መሄድ አለበት። የክትባት ዘመቻ ሲመጣም ለከታቢዎቹ ይነገር። እንደ ኩፍኝና ቢጫ ወባ ያሉት ክትባቶች የተዳከመ ሕያው ጀርም ስላለባቸው፣ ብዙ መጠን ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ለወሰደ ልጅ መድኃኒቱ ካቆመ ቢያንስ አንድ ወር ይጠበቃል።

ከዚህ ሌላ ስኳርና ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ይሳሳል፣ በዓይን ላይ ሞራና ግላኮማ ይመጣል፣ የልጅ ቁመት እድገት ይዘገያል። እንቅልፍ ማጣት፣ ብስጭት፣ ያለ ምክንያት ማልቀስም አለ። «ጠባዩ ተበላሸ» ብለን የምንቀጣው ልጅ መድኃኒት ላይ ያለ ልጅ ሊሆን ይችላል። ረሃቡም አይጣል ነው፤ ራሽን ለሚቆጥር ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኪኒኑ ጠዋት፣ ከምግብ በኋላ ቢወሰድ ይመረጣል። ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን በራስ መጨመር ደግሞ ጨጓራን ሊያደማ ይችላል።

ሁለተኛው አደጋ በድንገት ማቆም ነው። ሰውነት ከውጭ 12 ኪኒን ሲመጣለት አድሬናል እጢዎች «እኛማ አናስፈልግም» ብለው ሥራ ያቆማሉ። ከሦስት ሳምንት በላይ ከተወሰደ በኋላ በአንድ ጊዜ ቢቋረጥ፣ እጢዎቹ ገና አልነቁም፣ ኪኒኑም የለም። ድካም፣ ማስመለስ፣ ማዞር፣ የግፊትና የስኳር መውረድ፣ ራስን ስቶ መውደቅ ይከተላል፤ ሞትም አለበት። መጠኑ ቀስ በቀስ የሚቀነሰው እጢዎቹ እስኪነቁ ነው። ለአስም የተሰጠ የአምስት ቀን ኪኒን ግን አብዛኛውን ጊዜ ሲያልቅ ይቆማል፤ ችግር የለውም። በረጅም ሕክምና ላይ ያለ ልጅ ኪኒኑን ካስመለሰው፣ ወይም በወባ ወይም በተቅማጥ ክፉኛ ከታመመ፣ እንዲያውም መጠኑ መጨመር ሊኖርበት ስለሚችል በዚያው ቀን ክሊኒክ ይሂድ።

ጾምም አንድ ጥያቄ ነው። በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም ኪኒኑን መዝለል አይገባም። ሰዓቱን ስለ ማስተካከል ሐኪሙንም የሃይማኖት አባቶችንም አስቀድሞ ማነጋገር ይቻላል። ትራንስፈር ወይም የሪሴትልመንት በረራ የደረሰው ቤተሰብም ካርዱንና ለመንገድ የሚበቃ ኪኒን በእጅ ሻንጣ ይያዝ፤ ከታሸገው ዕቃ ጋር አይላክ።

ያለ ትእዛዝ የሚሸጠው

አሁን ደግሞ ብዙዎች የማይወዱት ወሬ። በምሥራቅ አፍሪካ በብዙ ቦታ ዴክሳሜታሶን «የማወፈሪያ ኪኒን» ተብሎ ይሸጣል። ቀጭን መሆን የሚያሳፍርበት አገር ነውና ለሠርግ የሚዘጋጁ ልጃገረዶች ይገዙታል። እኔ «ወፈርሽሳ» ያልኳት ልጅ ታማ ነው ያበጠችው፤ እነሱ ደግሞ ያንኑ እብጠት በገንዘብ ይገዛሉ። የሚጨምረው ውሃና ስብ ነው። ክንድና ጭን እንዲያውም ይሳሳል። መውሰድ የጀመረችና አሁን ይህን ያነበበች እህት ካለች፣ ዛሬውኑ ከመጣል ይልቅ ክሊኒክ ሄዳ ስንት ጊዜ እንደወሰደች በግልጽ ትናገር። ማንም እንዲስቅባት አይገባም።

ፊት ለማቅላት በሚሸጡ አንዳንድ ክሬሞች ውስጥም ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን አለ። ቆዳው መጀመሪያ ይጠራል፣ ከዚያ ይሳሳል፣ ብጉርና ሸንተረር ያወጣል። ጭርት ላይ ሲቀባ ማሳከኩ ይቀርና ጭርቱ ከሥር እየሰፋ ይሄዳል። ለቁርጥማት ተብሎ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሰጥ ስም የለሽ ኪኒንም አለ፤ በሦስተኛው ቀን ሽማግሌውን ካስነሳ ውስጡ ስቴሮይድ እንዳለ መጠርጠር ይገባል። ኬሚስት ስትሄዱ ከፓኬቱ ላይ ስሙን አንብቡ። ፓኬት ከሌለው አትግዙ።

ከክሊኒክ በተመለስን በማግስቱ ከልጅቷና ከእናቷ ጋር ተስማምተን ለክፍሉ ኩላሊትን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስዬ አስረዳሁ። መጀመሪያ ግን በፊታቸው ይቅርታ ጠየቅኳት። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ፣ ቅጽል ስሙን ያወጣው ራሱ ይመስለኛል፣ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ታዲያ ፊቷ እንደዚህ ሆኖ ይቀራል?» አለ። አይቀርም፣ መድኃኒቱ ሲቀንስ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ይመለሳል አልኩት። ይህን ለእሷም ማንም ነግሯት አያውቅም ነበር። ቀና ብላ አየችኝና፣ «ስንት ሳምንት?» አለች።