«ሲክስ ፓክ» የፈለገው የጋምቤላው ወንድማችን

በዛሬው የጤና ዝግጅታችን ከጋምቤላ ከተማ አንድ ወጣት በላከልን ጥያቄ ላይ እንነጋገራለን። ወንድማችን ሆዱ ላይ የተከፋፈለ ጡንቻ፣ ወጣቶች «ሲክስ ፓክ» የሚሉትን፣ ማውጣት ይፈልጋል። በቀን 300 ጊዜ ሲት አፕ ይሠራል፣ እራት ትቷል፣ ላብ እንዲያወጣውም በቀትር ይሮጣል። ሙቀቱን ለመቋቋም በቀን ሁለት ለስላሳ ይጠጣል። ሁለት ወር ሆኖት ለውጥ አላየም፤ አንድ ቀን እንዲያውም እየሮጠ ሳለ ዞሮበት ወድቋል። «ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?» ይለናል።

ከሚያስቸኩለው እንጀምር። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ይጠጋል። በእንዲህ ያለ ቀትር መሮጥ ስብ አያቀልጥም። በላብ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው፤ የቀነሰው ኪሎም ውሃ ሲጠጣ ይመለሳል። የሰውነት ሙቀት ከልክ ካለፈ ግን ራስ ያዞራል፣ ያስታውካል፣ ሲብስም ሕይወት ያጠፋል። ስለዚህ ወንድማችን፣ የቀትሩን ሩጫ ከዛሬ ጀምሮ ተው። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሰማዩ ሲነጋ መሮጥ ይሻላል። የወባ ትንኝ ከምሽት እስከ ንጋት ስለምትናደፍ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ መልበስም ደግ ነው።

አሁን ወደ ሆዱ እንምጣ። ይህ ጡንቻ በሁላችንም ሆድ ላይ አለ። የሚከፋፍሉት አግድም ጅማቶች አብረውን የተፈጠሩ ናቸው፤ አንዱ አራት፣ ሌላው ስድስት ወይም ስምንት ክፍል ይኖረዋል፣ በስፖርት ቁጥሩ አይጨምርም። የማይታየው በላዩ ስብ ስላለ ነው። ሲት አፕ ከሥር ያለውን ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ በላዩ ያለውን ስብ ለይቶ አያነሳም። ሰውነት ስብን የሚወስደው ከየቦታው ነው፤ በብዙ ወንዶች ደግሞ የሆዱ የሚሄደው በመጨረሻ ነው።

ስለዚህ ዋናው ጉዳይ ማዕዱ ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ስምንት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለው። በቀን ሁለት የሚጠጣ ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ከሆነበት፣ በወር ወደ አንድ ኪሎ ስብ ሊያከማች ይችላል። ወንድማችን እራቱን ትቶ ለስላሳውን መያዙ ገርሞናል! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከሆድ ሲሶው ለምግብ፣ ሲሶው ለመጠጥ፣ ሲሶው ለትንፋሽ እንዲሆን ማስተማራቸውን ታውቃላችሁ። ይህ መጠንን መቀነስ ነው እንጂ ራስን ማስራብ አይደለም። በረሃብ የሚከሳ ሰው ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ያጣል።

ጋምቤላ ላይ ደግሞ ምን ጠፍቶ! የባሮ ዓሣ አለ፤ 100 ግራም ዓሣ 20 ግራም ያህል ጡንቻ ገንቢ ፕሮቲን ይሰጣል። በዘይት ከሚጠበስ ይልቅ በወጥ ቢሠራ ወይም በፍም ቢጠበስ ይመረጣል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ነውና። ባሚያው፣ ባቄላው፣ በመጠኑም የበቆሎና የማሽላ ገንፎው ይበቃል። ማንጎም ጭማቂው በስኳር ከሚጠጣ እንዲሁ ቢበላ ይሻላል። በረመዳን ብዙዎቻችንን የሚያወፍረን ጾሙ ሳይሆን የኢፍጣሩ ሳምቡሳ ነው።

ስፖርቱን በሳምንት ሦስት ቀን፣ ፑሽ አፕ፣ ቁጭ ብድግና ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ ማድረግ) ብትሠራ ከ300 ሲት አፕ ይበልጣል። ፕላንኩን በ20 ሰከንድ ጀምር። በሌሎቹ ቀናት ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። እህቶቻችንም በቤታቸው ሊሠሩት ይችላሉ፤ ነገር ግን ለሴት ስብን ከልክ በላይ መቀነስ የወር አበባን ሊያቋርጥ ስለሚችል ጡንቻ እስኪታይ መክሳት አይመከርም።

ጊዜውስ? ክብደቱ 70 ኪሎ የሆነና መጠነኛ ስብ ያለው ሰው ስድስት ኪሎ ያህል መቀነስ ሊያስፈልገው ይችላል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ቢቀንስ ሦስት ወር ይወስዳል። ጡንቻው ባይታይም ወገቡ ከቀነሰ ትርፍ ነው፤ የወንድ ወገብ ከ94፣ የሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ የስኳርና የልብ በሽታ ስጋት ይጨምራልና።

ወንድማችን፣ ያ መውደቅህ ግን ከሙቀቱና ከረሃቡ ሌላ የወባ ወይም የደም ማነስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ስፖርቱን ከመቀጠልህ በፊት ጤና ጣቢያ ሄደህ ደምህን ተመርመር።