የአሶሳ ቀርከሃ፦ ዛፍ ነው ወይስ ሣር?

ከአሶሳ ወደ ባምባሲ ወይም ወደ ሆሞሻ የሚጓዝ ሰው ቀርከሃ ሳያይ አይውልም። የቤቱ ግድግዳ ቀርከሃ ነው፤ አጥሩ፣ ጎተራው፣ አልጋው፣ ቅርጫቱም እንዲሁ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ቡቃያው ተልጦና ተቀቅሎ ይበላል። ይህን ያህል የቤት ዕቃ የሆነው ተክል በየት እንደሚመደብና ምን ዓይነት መሬት እንደሚስማማው ሲጠየቅ ግን የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ስህተት ነው።

የሚባለው፦ ቀርከሃ ዛፍ ነው።

እውነታው፦ ሣር ነው። የዕፅዋት ተመራማሪዎች የሚመድቡት ከጤፍ፣ ከማሽላና ከሸንኮራ አገዳ ጋር በአንድ ቤተሰብ ነው። ዛፍ በየዓመቱ ይወፍራል፤ ቀርከሃ ግን ከመሬት ብቅ ሲል የመጨረሻ ውፍረቱን ይዞ ነው። ለጋው ቡቃያ በቡናማ ፀጉር የተሸፈነ ቅርፊት ለብሶ ይወጣና ቁመቱን በአንድ ክረምት ይጨርሳል፤ 10 ሜትር ገደማ የሚደርስም አለ። ከዚያ ወዲያ የሚጨምረው ጥንካሬ ብቻ ነው። ለቤት ሥራ የሚመረጠው ሦስት ዓመት የሞላው የሆነው ለዚህ ነው።

የሚባለው፦ ቀርከሃ ሁሉ አንድ ነው፤ ውስጡም ባዶ ነው።

እውነታው፦ ኢትዮጵያ ሁለት አገር በቀል ዝርያዎች አሏት። በእንጅባራ፣ በማሻና በሲዳማ ከፍታዎች የሚበቅለው የደጋ ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ነው፤ አገዳዎቹም ተራርቀው ይቆማሉ። ሽመል የሚባለው የአሶሳው የቆላ ቀርከሃ በቁጥቋጦ መልክ ተጠጋግቶ ይበቅላል። ሲቆረጥ ውስጡ ድፍን ነው፣ ወይም ቀዳዳው እጅግ ጠባብ ነው። ጥሩ ዱላ የሚወጣው ከዚህኛው ነው። ሁለቱ በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ በሳይንሱ ወገናቸው የተለያየ ነው።

የሚባለው፦ ቀርከሃ ውኃ ካልተኛበት አይበቅልም።

እውነታው፦ የቆላው ቀርከሃ ውኃ የሚያቁር መሬት አይስማማውም። አሶሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ዝናቧ በአንድ ወቅት ይመጣና ረጅም በጋ ይከተላል። ተክሉ በዚህ በጋ ቅጠሉን አራግፎ ይቆያል። ከአባሎና ከወይባ ዛፎች መካከል፣ ድንጋያማ በሆነ ተዳፋት ላይ ሳይቀር ጥቅጥቅ ብሎ ይታያል።

የሚባለው፦ የቆላው ቀርከሃ የኢትዮጵያ ብቻ ሀብት ነው።

እውነታው፦ እንዲህ የሚያስብለው ሳይንሳዊ ስሙ ነው። ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ «ባምቡሳ አቢሲኒካ» አለው፤ እንግሊዛዊው ዊልያም መንሮ ደግሞ በ1868 እ.ኤ.አ. «ኦክሲቴናንቴራ» ወደሚባለው ወገን አዛወረው። «አቢሲኒካ» የሚለው ቅጽል አብሮት ቀረ። ተክሉ ግን ከሴኔጋል እስከ ሞዛምቢክ ይበቅላል። በታንዛኒያ የኢሪንጋ ገበሬዎች የቡቃያውን ጫፍ ቆርጠው በሚንጠባጠበው ፈሳሽ «ኡላንዚ» የተባለ መጠጥ ያዘጋጃሉ። ያም ሆኖ የኢትዮጵያ ድርሻ ትልቅ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ የኖረው ግምት የአገሪቱን የቀርከሃ ሽፋን 1 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ያደርሰዋል። አብዛኛው የቆላው ነው፤ ቤኒሻንጉል ጉሙዝም ዋና መገኛው ነው።

የሚባለው፦ ጫካው በአንድ ጊዜ ከደረቀ በሽታ ገብቶበታል።

እውነታው፦ አብቦ ሊሆን ይችላል። ቀርከሃ ለብዙ ዓመታት ሳያብብ ይኖርና በሰፊ ቦታ ላይ በአንድነት አብቦ፣ ዘሩን ጥሎ ይሞታል። ጤፍና ማሽላ ይህንኑ በአንድ ወቅት ውስጥ ይፈጽሙታል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከ2000 ዓ.ም. በፊትና በኋላ ባሉት ዓመታት ሰፊ የቀርከሃ ጫካ በዚህ መንገድ ደርቋል። በሕንድ ሚዞራም ግዛት በ1959 እ.ኤ.አ. ሌላ የቀርከሃ ዝርያ ሲያብብ፣ የረገፈውን ዘር በልተው የተባዙት አይጦች ወደ ማሳ ዘልቀው ረሃብ አስከትለዋል።

ከሞተው ጫካ ሥር ዘሩ በዝናብ ጊዜ ይበቅላል። ችግኙ መጀመሪያ ላይ እንደ ማንኛውም ሣር ቀጭን ስለሆነ ከብት ይግጠዋል፤ በላዩ ደርቆ የቆመው አገዳም ለበጋው ሰደድ እሳት ማገዶ ነው። ስለዚህ ካበበ በኋላ የደረቀውን አገዳ ቶሎ ቆርጦ መጠቀምና ቦታውን ለጥቂት ዓመታት ከከብትና ከእሳት መከለል ጫካው እንዲመለስ ይረዳል።