ውሻን ማንሸራሸር ምን ይጠቅማል?

ውሻን ማንሸራሸር ሲባል ብዙዎቻችን የፊልምና የባለጸጎች ነገር ይመስለናል። በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜና በሾኔ ውሻ የሚያዘው ለጥበቃ ነው። ቀን ይታሰራል፤ ማታ ሌባና ጅብ እንዲጠብቅ ይፈታል። በገጠርም እንሰቱን ጃርትና የዱር አሳማ እንዳይጨርሰው የሚጮኸው እሱ ነው። ታዲያ ሌሊቱን ሲሠራ ላደረ ውሻ ሽርሽር ምን ያደርግለታል?

መልሱ ያለው አፍንጫው ላይ ነው። ውሻ ዓለምን ይበልጡን የሚያውቃት እንደ እኛ በዓይኑ ሳይሆን በማሽተት ነው። አንድ ግንድ ሥር ቆሞ ሲያሸት የትኛው ውሻ እንዳለፈ፣ ወንድ ይሁን ሴት ይለያል። እኛ ይህን የግድግዳ ጋዜጣ ቆመን እንደምናነብ መሆኑ ነው። ግቢ ውስጥ ግን ሽታው ሁልጊዜ ያው ነው፤ በአጭር ሰንሰለት ላይማ ጭራሽ ምንም የለም። ስለዚህ ጉልበቱ ወደ ሌላ ይዞራል። ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፣ መሬት ይቆፍራል፣ ባንድ ቦታ ይሽከረከራል፣ ያለፈ ያገደመውን ይተናኮላል። «ክፉ ውሻ ነው» እንላለን እንጂ ብዙ ጊዜ ክፉ ያደረገው እስራቱ ነው። ሰንሰለቱ አንድ ጠዋት የተበጠሰ እንደሆነ የሚያገኘው ደብተሩን ይዞ የሚያልፈውን የአንደኛ ክፍል ልጅ ነው። ነገ እኛ የምናስተምረውን ልጅ ማለት ነው።

እንግዲህ አወጣጡም ዘዴ አለው። አንዳንዱ ሰው ውሻውን ያወጣና ወደ ገበያ እንደሚነዳ በግ ይጎትተዋል። እንዲህ ከሆነ ባይወጣ ይሻላል። ሁለት ሦስት ሜትር ገመድ ይበቃል፤ ማሸት ሲፈልግ ቆም ብሎ መጠበቅ ነው። ሩቅ መሄድ ግድ አይደለም። እያሸተተ ቀስ ብሎ የሄደ ውሻ ግማሽ ሰዓት ሲሞላው ረክቶ ይመለሳል። መንገዱን መለዋወጥም ጥሩ ነው። ውሻ ሙቀቱን የሚያስወጣው በአብዛኛው በማለክለክ ስለሆነ በቀትር ፀሐይ አታውጡት። ጠዋት ይመረጣል፤ ሲመሽ ደግሞ ጅቡ አለ።

በሥነ ልቡና ትምህርት የምናውቀው ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ እዚህም ይጠቅመናል። ውሻ ምግቡ ሳይደርስ፣ ምግብ መምጣቱን የለመደበትን ድምፅ ብቻ ሲሰማ ለሃጩ እንደሚዝረበረብ ያሳየን እሱ ነው። ገመዱን ስታነሱ ውሻው በደስታ የሚዘለው በዚያው ሕግ ነው። ስለዚህ በዚያ ገመድ ፈጽሞ አትምቱት፤ ያየው እንደሆነ መደበቅ ይለምዳል። በኃይል ሲጎትት ቁሙ፤ ገመዱ ሲላላ ሂዱ። በጥቂት ቀናት ይገባዋል። ይኸው ዘዴ ለክፍል ተማሪም ይሠራል የሚል ጓደኛ አለኝ፤ እኔ ግን ልጅና ውሻ አንድ አይደሉም ባይ ነኝ።

ከሁሉ በፊት ግን ክትባት! ያልተከተበ ውሻ ከግቢ መውጣት የለበትም። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 በውሻ የተነከሰ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከትቦ ካዳነ ወዲህ ለእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ አለ። አዲስ አበባ ያለውን የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ፓስተር» የሚለው ከዚሁ ሰው ስም የተነሳ ነው። ውሻ በየዓመቱ ይከተባል። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። የባህል መድኃኒት እየሞከሩ ቀን ማሳለፍ አደገኛ ነው፤ የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

ገመዱን የሚይዘው ጉልበት ያለው ሰው ይሁን፤ ለትንሽ ልጅ አይሰጥም። ውሻ ሲያዩ ድንጋይ የሚያነሱ ልጆችም መንገድ ላይ አይጠፉም። እነሱን ከመቆጣት ይልቅ ገመዱን አሳጥሮ ወደ ዳር መቆም፣ እስኪያልፉም መጠበቅ ይሻላል።