«የጨጓራ ኪኒን» ሁሉ አንድ አይደለም

ቅዳሜ ማታ ከአሞራ ገደል ዓሣ በዳጣ በልቶ የተመለሰ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ከአልጋው ተነሥቶ ሲቀመጥ በየማደሪያው ያላየ የለም። ደረቱ ሥር እንደ ፍም ይለበልበዋል፤ ኮምጣጣ ውሃም እስከ ጉሮሮው ይመጣበታል። ቃር ማለት ይኸው ነው። ቀጥሎ የሚሆነውንም ሁላችንም እናውቀዋለን። ከጎን አልጋ አንዱ እጁን ወደ ሻንጣው ይሰድና «እንካ፣ ይቺን ዋጣት፤ እኔን አድናኛለች» ይላል። ደግነቱ ደግነት ነው፤ ዳሩ ግን ሰጪውም ተቀባዩም የኪኒኗን ዓይነት አያውቁትም።

ቃር የሚነሣው የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ፣ ወደ ምግብ ቧንቧ ሲመለስ ነው። ጨጓራ አሲዱን የሚችልበት ሽፋን አለው፤ የምግብ ቧንቧ ግን እንዲህ ያለ መከላከያ ስለሌለው ይቃጠላል። ከመጠን በላይ መብላትና በልቶ ወዲያው መጋደም ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። ብዙዎቻችን የምንሮጥበት ወተትም ለጊዜው ቢያበርድ፣ ቆይቶ ጨጓራው ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ ያደርጋል።

በመድኃኒት ቤት «የጨጓራ ኪኒን» ከሚባሉት ውስጥ በብዛት የሚታወቁት ሦስት ወገን ናቸው። የመጀመሪያው የሚታኘከው ወይም እንደ ሽሮፕ የሚጠጣው ፀረ አሲድ ነው። በውስጡ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ያላቸው ውሁዶች ይገኛሉ፤ ኬሚስትሪ የሚያስተምሩን መምህራን በአሲድና ቤዝ ትምህርት እንደሚያሳዩን፣ ያለውን አሲድ ያከሽፈዋል። በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራል፤ ብዙ ግን አይቆይም። ኪኒኑ በደንብ መታኘክ አለበት እንጂ እንዲሁ አይዋጥም። ማግኒዚየሙ ሆድ ያላላል፣ አሉሚኒየሙ ያደርቃል፤ አብረው የሚደባለቁትም አንዱ የሌላውን እንዲያቃና ነው።

ሁለተኛው ወገን እነ ሲሜቲዲንና ፋሞቲዲን ያሉበት ነው፤ አሲዱ ሲመነጭ ይቀንሱታል። የእነሱው ዘመድ ራኒቲዲን ግን እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከገበያ እንዲወጣ የጠየቀበት ነው፤ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል የሚባል ቅመም ተገኝቶበታልና። በሻንጣ ሥር የቆየ ካለ አለመዋጥ ነው።

ሦስተኛው ኦሜፕራዞል ነው። በጣም የሚበላሸው የእሱ አወሳሰድ ነው። ብዙ ሰው ቃጠሎው ሲነሣ ይውጠውና «ምንም አላደረገልኝም» ብሎ ሁለተኛ ይደግማል። ኦሜፕራዞል የተቃጠለውን በቅጽበት አያበርድም፤ ሙሉ ኃይሉን ለማሳየት ከ1 እስከ 4 ቀን ይፈጅበታል። የሚወሰደው ከቁርስ በፊት፣ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት አስቀድሞ፣ በባዶ ሆድ ነው። በካፕሱሉ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ፍሬዎች አሲዱ እንዳያበላሻቸው የተሸፈኑ ስለሆኑ መታኘክም መፈጨትም የለባቸውም። ያለ ሐኪም ከ14 ቀን በላይ መቀጠልም አይገባም። ለረጅም ጊዜ ወስዶ በድንገት ያቆመ ሰው አሲዱ ከቀድሞው ብሶ ሊመለስበት ይችላል።

ከዝግጅት ክፍላችን አንዱ የደረሰበትን እንንገራችሁ። ለታይፎይድ ሲፕሮፍሎክሳሲን ታዘዘለት። መድኃኒቱ ሆዱን ሲረብሸው ጊዜ፣ በብልሃት መስሎት፣ ከእያንዳንዱ ኪኒን ጋር ፀረ አሲድ ያኝክ ጀመር። ቀናት አለፉ፣ ትኩሳቱ ግን አልወርድ አለ። የመድኃኒት ባለሙያዋ «ከምን ጋር ነው የምትወስደው?» ብላ ስትጠይቀው ነው ነገሩ የወጣው። አሉሚኒየሙና ማግኒዚየሙ ሲፕሮፍሎክሳሲኑን አስረው ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። ስለዚህ ሲፕሮፍሎክሳሲን ፀረ አሲድ ከመወሰዱ 2 ሰዓት አስቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ነው የሚዋጠው። ዶክሲሳይክሊንና የብረት ኪኒንም ከፀረ አሲድ ጋር አንድ ላይ አይወሰዱም።

ሕመሙ ከቃር አልፎ ጨጓራ ላይ ሲጸና ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። ባሪ ማርሻል የሚባለው አውስትራሊያዊ ሐኪም ይህን ለማስረዳት እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራውን አሳመመ፤ በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘ። (እኛ እንኳ ውሃውን አፍልተን ብንጠጣ ይሻለናል!) ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ይህ ተሐዋስ በአገራችንም የተስፋፋ ነው። ሕክምናው ኦሜፕራዞልን ከሁለት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ጋር አቀናጅቶ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን የሚሰጥ ነው። ሲሻል በ5ኛው ቀን አቋርጦ የተረፈውን ለጓደኛ ማካፈል ተሐዋሱን መድኃኒት ማለማመድ ነው። የሰገራ ምርመራ የታዘዘለትም ሰው ኦሜፕራዞል እየወሰደ ከሆነ አስቀድሞ ይናገር፤ ብዙ ጊዜ ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት እንዲያቆም ይደረጋል። አለዚያ ተሐዋሱ እያለ «የለብህም» የሚል ውጤት ሊመጣ ይችላል።

ሌላው የምንዘነጋው ለራስ ምታትና ለወገብ ብለን የምንውጠውን ነው። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን የጨጓራን ሽፋን ይጎዳሉ። ጠዋት ዳይክሎፌናክ፣ ማታ የጨጓራ ኪኒን የሚውጥ ሰው በአንድ እጁ እያቆሰለ በሌላው እያከመ ነው። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ለጨጓራ ይቀላል።

መጠባበቅ የማይገባበትም ጊዜ አለ። ደም ማስታወክ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ምግብ ሲዋጥ መያዝ፣ ያለ ምክንያት መክሳት ካለ ወደ ሆስፒታል ነው። ደረት ተጨንቆ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከዘለቀና ላብ ካጠመቀም ልብ ሊሆን ይችላልና ለሊቱ እስኪነጋ አይጠበቅም። ሰገራ መጥቆር ብቻውን ግን የብረት ኪኒን በሚወስዱ ሰዎችም ላይ ይታያል፤ ለምሳሌ ነፍሰ ጡር እህቶቻችን ይህን ለሐኪሙ አስቀድመው ቢነግሩት ምርመራው ይቀላል።