ውሻ ሲያላዝን ማን ሊሞት ነው?

ማንም። በዚሁ ባበቃ ደስ ባለኝ፤ ግን ወሬው አላበቃም። ውሻ ያላዘነበት ደጅ ሬሳ ሳይወጣበት አይቀርም የሚለው የአያቶቻችን ሟርት ዛሬ ቲክቶክ ላይ ወጥቶ የሐዘን ዜማ ተጨምሮበት ይዞራል። ዳፋው ለውሻው ነው፤ በሌሊት ድንጋይ ይወርድበታል።

እስቲ ነገሩን ገልብጣችሁ እዩት። የታመመ ሰው ባለበት ቤት ሌሊቱን መብራት አይጠፋም፤ ጠያቂ ይገባል፣ ይወጣል። ውሻው እንግዳ እንዳይነክስ ታስሯል፣ ራቱ ተረስቷል፣ የለመደው ሰው ደጅ ብቅ ካለ ሰንብቷል። ያላዝናል። በሽተኛው ካረፈ «ነግሮን ነበር» ይባላል፤ ድኖ ከተነሳ ያን ሌሊት የሚያነሳው የለም። ትንቢት የሚመስለው ያለፈውን መርጠን ስለምናስታውስ ነው።

የጩኸቱንና የማጉረምረሙን ትርጉም ውሻ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ አልፈዋለሁ። ቡችላ ሲነጫነጭም ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሰውነቱን ሙቀት ራሱ መጠበቅ ስለማይችል ከእናቱ ሲለይ ይበርደዋል። ማላዘን ግን ሌላ ነው።

የሚያላዝን ውሻን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። አፍንጫውን ወደ ሰማይ ያቀናል፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ይጥላል፣ ከንፈሩን አሞጥሙጦ አንዱን ድምፅ ሳይቆርጥ ይጎትተዋል። ጩኸት አጭርና የተቆራረጠ ነው፤ ቅርብ ላለ ሌባ ይበቃል። የተጎተተ ወፍራም ድምፅ ግን አየር ውስጥ ቶሎ አይጠፋም፤ ለሩቅ ሰሚ የተሠራ ነው።

እዚህ ላይ የዋግ ኽምራ መልክዓ ምድር ይገባል። ድምፅ በሞቃት አየር ውስጥ ይፈጥናል፤ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ፍጥነቱ በሰከንድ 0.6 ሜትር ገደማ ይጨምራል። ቀን ፀሐይ መሬቱን ስታግለው ከሥር ያለው አየር ከላይኛው ይሞቃል፤ ድምፁ ሽቅብ ታጥፎ ከአናታችን በላይ ያመልጣል። ደመና በሌለበት ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል። መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ለቅቆ ይበርዳል፣ ቀዝቃዛው አየር ወደ ሸለቆው ወርዶ ይተኛል፣ ሞቃቱም እንደ አክምባሎ ይከደንበታል። ሽቅብ የተነሳው ድምፅ ሞቃቱን አየር ሲያገኝ ጎንበስ ብሎ ወደ መሬት ይመለሳል። ነፋሱም ረግቷል፣ የገበያው ጫጫታም የለም። እናም በሰቆጣ ዙሪያ ወይም በጽጽቃ አልጋው ላይ የተጋደመ ሰው ከሸለቆው ማዶ ያላዘነውን ውሻ ከራሱ ደጅ የተነሳ ያህል ይሰማዋል። «ያላዘነበት ቤት» የሚባለው የትኛው ቤት ነው? ሟርተኛው አድራሻውን እንኳ አያውቅም።

አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀበላል። ቆስቋሹ እኛ ያልሰማነው ድምፅ ሊሆን ይችላል፤ የሰው ጆሮ 20,000 ኸርዝ ላይ ሲያቆም የውሻ እስከ 45,000 ይደርሳል። የአምቡላንስ ሳይረንም ሆነ የድምፅ ማጉያ የተጎተተ ዜማ ውሻን ያስጀምረዋል። በ2023 እ.ኤ.አ. የቡዳፔስት ተመራማሪዎች ለ68 ውሾች የተኩላ ድምፅ አሰምተው ነበር፤ በዘር ለተኩላ የቀረቡት፣ በተለይም ከ5 ዓመት ያለፉት፣ አብዝተው በማላዘን መለሱ።

ታዲያ ውሻው አዝኗል ወይ? እዚህ እኔም ጠንቀቅ እላለሁ፣ ባለሙያዎቹም አልተስማሙ። በ2013 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያ ውስጥ የተጠኑ ተኩላዎች ይበልጥ ያላዘኑት የሚቀርቡት ጓደኛቸው ከመንጋው ሲወሰድ ነበር፤ ልዩነቱን ግን በምራቃቸው የተለካው የጭንቀት ሆርሞን አላብራራውም። ይህ ከለቅሶ ይልቅ መጣራት ይመስላል። ስለ ተኩላ የተገኘው ደግሞ እንዳለ ለውሻ አይተላለፍም። እንባውንም በተመለከተ በ2022 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች የውሻ ዓይን ጌታው ሲመለስ ይበልጥ እንደሚረጥብ አሳትመዋል፤ የታየው ግን ለደስታ እንጂ ለሐዘን አይደለም፤ ሁሉም ባለሙያ አልተቀበለውም። ጉንጩ ላይ የሚወርድ እንባ ካያችሁ የዓይን ሕመም ነውና ለእንስሳት ሐኪም አሳዩት።

ስለዚህ ውሻችሁ ሲያላዝን ድንጋይ አታንሱ። ገመዱ ተጠማዞ አንቆት እንደሆነ፣ ውኃው አልቆ፣ እግሩ ቆስሎ፣ ጅብ ቀርቦ እንደሆነ እዩ። ሁሉም ደህና ከሆነና ብቻውን ሲቀር ብቻ የሚያላዝን ከሆነ ለአጭር ጊዜ እየተለያችሁት ቀስ በቀስ አስለምዱት፤ ዝም ባለ ጊዜ ሂዱለት። በማላዘኑ መሐል ከሄዳችሁለት መጣራት እንደሚሠራ ይማራል።

በእርግጥ ሞት ያለበት አንድ ድምፅ አለ፤ እሱን ግን ማንም አያወራውም። የእብድ ውሻ በሽታ የጉሮሮን ጡንቻ ስለሚያሽመደምድ የውሻው ድምፅ ይጎረናል፣ ይሰነጠቃል፤ መንጋጋው ይወድቃል፣ ለሀጩ ይዝረበረባል። ባለቤቱ አጥንት ያነቀው መስሎት እጁን አፉ ውስጥ ይሰዳል። አትስደዱ! ራቁና ለእንስሳት ክሊኒክ ንገሩ። የተነከሰ ወይም ቁስሉን የተላሰ ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠብ፤ ለክትባት ከገጠር ቀበሌ እስከ ሰቆጣ ሩቅ ነውና ሳሙናው ከመንገዱ ይቅደም። ጸበሉም ቢኖር ክትባቱ አይቅር፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ደህና የሚመስል የታወቀ ውሻ ከሆነ የነከሰው፣ በችኮላ አይገደል፤ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። ክትባቱ ግን 10 ቀኑን አይጠብቅም፤ በዚያው ቀን ይጀመራል።