ከበረዶ ሥር የሚነሣ እሳት

በደብረ ብርሃን ያደረ ሰው ውርጭ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ማለዳ ሣሩን የሸፈነው አመዳይ ግን ፀሐይ ስትወጣ ይጠፋል። ከአንኮበር አፋፍ ቁልቁል የሚመለከትም የስምጥ ሸለቆውን ቆላ ያያል፤ ዶፈንና ፈንታሌ የተባሉት እሳተ ገሞራዎች በዚያ ይገኛሉ። በአገራችን ብርዱ ከደጋ፣ እሳቱ ከቆላ ተለያይተው ይኖራሉ። ሁለቱ በአንድ ተራራ የሚገናኙባቸው አገሮች ግን አሉ።

በአይስላንድ ክረምት ከበጋ ቀልጦ የማያልቅ፣ ቫትናዮኩል የሚባል ግግር በረዶ አለ። መስከረም 20 ቀን 1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1996) ብዙ መቶ ሜትር ውፍረት ካለው ከዚህ በረዶ ሥር እሳተ ገሞራ ፈነዳ። እንዲህ ባለ ጊዜ እሳቱ በረዶውን ከሥሩ ያቀልጠዋል። ውሃውም የጋለውን ድንጋይ ሲነካ፣ በጋለ ምጣድ ላይ እንደ ወደቀ ጠብታ ወዲያው እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎቱ ከውሃው ከሺህ እጥፍ በላይ ቦታ ስለሚፈልግ ድንጋዩን ሰባብሮ አመድ ያደርገዋል። በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2010) ኤያፍያላዮኩል ከተባለው ሌላ የአይስላንድ ተራራ ወጥቶ በአውሮፓ ብዙ አውሮፕላኖችን ለቀናት ከበረራ ያገደው እንዲህ ያለ አመድ ነበር።

ይበልጥ የሚያስፈራው ግን የቀለጠው ውሃ ነው። በ1989 ዓ.ም. ውሃው ከበረዶው ሥር ባለ ሐይቅ ለአንድ ወር ያህል ተጠራቀመ፤ ጥቅምት 26 ቀንም በረዶውን አንሥቶ ወጣና ድልድዮችን ጠራርጎ ወሰደ። የሞተ ሰው ግን አልነበረም፤ ባለሙያዎች ጎርፉን ሲጠባበቁ ቆይተው መንገዱ ተዘግቶ ነበርና።

በኮሎምቢያ የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። ኅዳር 4 ቀን 1978 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1985) ማታ፣ አናቱ በበረዶ የተሸፈነው ኔቫዶ ዴል ሩዊዝ ፈነዳ። ፍንዳታው ትልቅ አልነበረም፤ ያቀለጠውም ከበረዶው ጥቂቱን ነው። ሆኖም ውሃው አመድና ድንጋይ እየጠረገ፣ ጭቃ ሆኖ በየወንዙ ወረደ፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላም አርሜሮ ከተማን ቀበራት። በጠቅላላው ወደ 23,000 ሰዎች አለቁ። አደጋው የሚደርስበትን ስፍራ የሚያሳይ ካርታ ከአንድ ወር በፊት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ነገር ግን ካርታው ሕዝቡን ከቤቱ አላስወጣም።

ይህን የቆላ ሰው ያለ አስተማሪ ይረዳዋል። ደጋ ላይ የጣለው ዝናብ፣ የቆላው ሰማይ ጠርቶ ሳለ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ይመጣልና። በ2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2024 እና 2025) ቅልጥ ድንጋይ ከመሬት በታች እየሰረገ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ለወራት ተናወጠች፤ ታኅሣሥ 25 ቀንም በዶፈን እንፋሎትና አቧራ ተነሣ። በዚያ በረዶ የለም፤ ሆኖም ከሸዋ ደጋ የሚወርደውን ወንዝ ያጠራቀመው የከሰም ግድብ በቅርብ ስለሚገኝ፣ እዚህም የውሃው ነገር ባለሙያዎችን አሳስቧል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ቀያቸውን ትተው ተነሡ።

አስቀድሞ የተነሣ ሰው ነፍሱን ያተርፋል፤ ቤቱንና ግጦሹን ግን ትቶ ይወጣል። «ተነሡ» የሚለውን ቃል ልብ ብሎ የሚሰማውም የሚጠለልበት ጥላ፣ የሚጠጣው ውሃና የሚበላው እህል እንደሚጠብቀው ሲያምን ነው። ስለዚህ ወዳጆች ሆይ፣ ጎርፉ ካለፈ በኋላ ከሚደርሰው ይልቅ ከጎርፉ በፊት የተዘጋጀው እርዳታ ብዙ ሕይወት ያድናል እንላለን።