የዴንማርክ ጠርሙሶች ክርክር

ጠርሙስ የሚሠራው አሸዋ፣ ሶዳና የኖራ ድንጋይ በአንድነት ቀልጠው ነው። የእቶኑ ግለት እስከ 1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ስብርባሪውን ሰብስቦ እንደገና ማቅለጥ አሸዋውን ቢያድንም ከነዳጁ የሚያድነው ከፊሉን ብቻ ነው። አጥቦ መልሶ መሙላት ግን እቶን አያስፈልገውም።

የዴንማርክ መንግሥት በ1981 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህንኑ አጥቦ የመሙላት ልማድ በደንብ አጸናው። ቢራና ለስላሳ መጠጥ የሚሸጡት፣ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በፈቀዳቸውና ተመልሰው በሚሞሉ ዕቃዎች ብቻ እንዲሆን ታዘዘ፤ የቆርቆሮ ጣሳ አልተፈቀደም። ገዢው ከመጠጡ ዋጋ በላይ የጠርሙስ ማስያዣ ይከፍላል፤ ባዶውን ሲመልስ ገንዘቡን ይቀበላል። (በኢትዮጵያም ባዶ ጠርሙስ ይዞ ያልመጣን ገዢ ባለሱቁ ማስያዣ መጠየቁ የታወቀ ነው።) የተፈቀደውን ጠርሙስ የሚቀበለው የሸጠው ሱቅ ብቻ ሳይሆን መጠጥ የሚሸጥ ማንኛውም ነጋዴ ነበር። የሥርዓቱ ብርታት እዚህ ላይ ነው፤ ባዶ ጠርሙስ ተሸክሞ ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነውና።

ሆኖም ለአገሬው ጠማቂ የቀለለው ደንብ ለውጭ አገሩ ከበደ። የለመደውን ጠርሙስ ትቶ በተፈቀደው መሙላት፣ ባዶውንም ድንበር አሻግሮ መመለስ ነበረበት፤ ባዶ ጠርሙስ ደግሞ በጭነት መኪና ላይ የሚይዘው ቦታ ከሙሉው አያንስም። በ1984 ደንቡ በመጠኑ ላላ። እያንዳንዱ አምራች ባልተፈቀደ ጠርሙስ በዓመት እስከ 3,000 ሄክቶ ሊትር፣ ማለትም 300,000 ሊትር፣ እንዲሸጥ ተፈቀደለት፤ ባዶውን መሰብሰብ ግን ግዴታው ሆነ።

የአውሮፓ ማኅበረሰብ ኮሚሽን በዚህ አልረካም። በ1986 ዴንማርክን ሉክሰምበርግ በሚገኘው የማኅበረሰቡ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ብሪታንያም ኮሚሽኑን ደግፋ ገባች። አባል አገሮች ሸቀጥ ያለ እንቅፋት እንዲዘዋወር ተስማምተዋል። ታዲያ አንድ መንግሥት ምድሩን ከቆሻሻ ለመጠበቅ ሲል ንግድን ሊያጠብ ይችላልን?

ፍርዱ የተሰጠው በ1988 ነው። ፍርድ ቤቱ አካባቢን መጠበቅ ንግድን ለመገደብ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ተቀበለ፤ ማስያዣውና ባዶውን የመሰብሰቡ ግዴታም ጸኑ። የ3,000 ሄክቶ ሊትሩ ወሰን ግን አልጸናም፤ ከውጭ የሚገባው መጠጥ ከአገር ውስጡ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት በመሆኑ፣ ወሰኑ ከታለመለት ዓላማ ጋር የማይመጣጠን ሆኖ ተገኘ።

የጣሳው ክልከላ እስከ 2002 ቆየ። ሲነሣም ለጣሳው ማስያዣ ተጣለበት፤ ይሁን እንጂ ቀላሉ ጣሳ ገበያውን እየያዘ ሲሄድ፣ እየታጠበ የሚመላለሰው ጠርሙስ ከመደርደሪያው እያደር ቀነሰ።